በአደራ የቆየ ስም፦ ከዳባት እስከ ደረስጌ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የተጓዘ ሰው ሁሉ ዳባትን አይቷታል፤ ያያት ግን በመኪና መስኮት ነው። የተወለድሁባት እኔ ራሴ ብዙ ዘመን ያየኋት እንደዚያው ነበር። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ወደዚያ ለማይሄዱ ሰዎች፣ ይልቁንም በየሐሙሱ አብረውኝ ቅዱስ መጽሐፍ ለሚያጠኑ ወዳጆቼ ነው። ወደ ፕሮቴስታንት ጉባኤ ከገባሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ክርክር ግን አላለቀልንም። ከመነሣቴ በፊት ሦስት ወር ሙሉ የተሟገትንበት ጥያቄ፣ አንድ ጊዜ የዳነ ክርስቲያን ድኅነቱን ሊያጣ ይችላል ወይ የሚለው ነበር። እኔም እንደ ልማዴ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያለውን ትምህርት ሃያ ሁለት ገጽ ላይ በመስመር ለይቼ ጽፌው ነበር።

ያን ሰሞን የታናሽ ወንድሜ የአዱኛ ልጅ እናትነሽ ደወለችልኝ። አዱኛ ሆዱ ውስጥ እጢ ተገኝቶበት፣ ለማክሰኞ ጎንደር ሆስፒታል ገብቶ በማግስቱ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ቀጠሮ ተይዞለታል።

«አጎቴ፣ አባየ አልታከምም አለ።»

«ሐኪም ፈርቶ ነው?»

«ሐኪምስ አይፈራም። ‹ከቢላው ሥር ብሞት የምሄድበትን ሳላውቅ አልተኛም› ነው የሚለው። እርስዎ ተምረዋል፤ ይምጡና ይንገሩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዮቱ ዘመን አዱኛ የሃያ ሁለት ዓመት መምህር ነበር። ዳባት ላይ በተጠራ ስብሰባ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ማተቡን ከአንገቱ በምላጭ ቆርጦ፣ «እግዚአብሔር የለም» ብሎ ተናገረ። እናታችን ከሕዝቡ መካከል ቆማ ነበር። ካደረገው በኋላ በዓመቱ ተጸጸተ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አንገቱ ላይ ክር አላሰረም። ማሰር አይገባኝም ይላል።

ረቡዕ

መንገዱ ሰላም ሆነ በተባለበት በኅዳር ሳምንት በአውሮፕላን ጎንደር ደረስሁ፤ ከጎንደር በሚኒባስ ተሳፈርሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው፣ ሳይጠይቁኝ መዳፌን ገልብጠው ሞሉልኝ። አዲስ አበባ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከጎረቤቴ ጋር አራት ዓመት ደረጃ ላይ ተላልፈናል፤ ስሙን አላውቀውም።

ዳባት ስወርድ ሾፌሩ ከጣሪያ ላይ «የትኛዋ ናት?» አለኝ። ጥቁሯን ሻንጣ በጣቴ አሳየሁት። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲለኝ «የራሴን ሻንጣ አላውቅምን?» ብዬ ተቆጣሁት። ከወንድሜ ቤት ገብቼ ስከፍታት ሁለት ኪሎ ያህል ሚስማር፣ አንድ ጥቅል ላስቲክና የሴት ጫማ ወጣባት። መኪናው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ዛሪማ እየሄደ ነበር፤ ሃያ ሁለቱ ገጾቼም አብረውት።

አዱኛ ከሕመሙ ጋር በሣቅ ተንፈራፈረ። «ጋሼ፣ ድኅነት ይጠፋል ወይ ልትለኝ መጥተህ ሻንጣህን አጠፋኸው?»

እናትነሽ የድንች ወጥ አቀረበችልን፤ በላዬም ሁለት ጋቢ ደረበችብኝ። አዲስ አበባ ላይ ብርድ ብለን የምናማርረው ነገር ለዳባት ሰው የከሰዓት ነፋሻ ነው።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከወንድሜ ጋር በግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው የመምህር ዓይን ነው፤ መልስ እስኪያገኝ አይነቀልም። ወረቀቴ ባይኖርም የማስታውሰውን በሥርዓት ልነግረው ጀመርሁ።

«የተመረጠ አይጠፋም የሚሉ አሉ» አልሁት።

«ጎንደር ሳለሁ ሰምቻቸዋለሁ። ደስ አሉኝ። ‹የካደስ?› ብዬ ብጠይቃቸው ‹እሱ መጀመሪያም አልዳነም ነበር› አሉኝ። ይህ ምን ማጽናኛ ነው? በቀኝ እጅ ሰጥተው በግራ ወሰዱት።»

«ጴንጤቆስጤዎቹ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል፣ በንስሐ ይመለሳል ይላሉ።»

«እነሱም ዘንድ ሄጃለሁ። እጄን አነሣሁ፤ ዳንህ አሉኝ። በሳምንቱ ሰባኪው ‹ያልዳናችሁ እጃችሁን አንሡ› ሲል ልቤ ፈርቶ እንደገና አነሣሁ። ሰባት ጊዜ ዳንሁ፣ ጋሼ። ሰባት ጊዜ የዳነ ሰው የትኛው እንደያዘለት አያውቅም።»

ሉተራውያን በጥምቀት የተሰጠ እምነት በክህደት ሊጠፋ እንደሚችል፣ ነገር ግን የእግዚአብሔር የተስፋ ቃል በእርሱ በኩል እንደማይታጠፍ ማስተማራቸውን ነገርሁት። ካቶሊኮች ጸጋ በከባድ ኃጢአት ይጠፋል፣ በኑዛዜም ይመለሳል፣ የጥምቀት ማኅተም ግን ከነፍስ አይፋቅም እንደሚሉም አስረዳሁት። ያደግንባት ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ድኅነትን እስከ ዕለተ ሞት የሚሄዱበት መንገድ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ የጀመረ ሁሉ ደረሰ አይባልም።

እስከ መጨረሻው ሰማኝና «የሁሉንም ነገርኸኝ፤ ያንተ የትኛው ነው?» አለኝ።

«እግዚአብሔር የያዘውን አይለቅም» አልሁት።

«እኔንስ ይዞኝ ነበር?»

ሕግ ተምሬ አርባ ዓመት ሰው አማክሬአለሁ። አላውቅም እንዳልለው መንገዴ ከንቱ ሊሆን ነው፤ አዎን እንዳልለው ምስክር የለኝም።

እሱም ለልጁ እንኳ ያልነገራትን ያን ጊዜ ነገረኝ። ባለፈው ክረምት ወደ ቄስ ሞገስ ሄዶ ልመለስ ብሏቸው ነበር። ክዶ ለተመለሰ ሰው ቄደር የሚባል ጸሎት አለ፤ በተጸለየበት ውኃ ይታጠባል፤ ሁለተኛ ጥምቀት ግን አይደለም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና። ካህኑ በደስታ ተቀብለውት «ስመ ክርስትናህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። አዱኛ ስሙን ረስቶታል። አርባ ምናምን ዓመት በዚያ ስም የጠራው የለም፤ እናታችንም የለች፤ አባታችንም የለ። ቄስ ሞገስ «ፈልገው፤ ባታገኘውም መላ አለው» ብለውት ነበር። እሱ ግን ከ«ፈልገው» ወዲያ ያለውን አልሰማም።

«ስሜ ተፍቋል ማለት ነው» አለኝ። «ከላይኛው መዝገብ ተፍቆ ነው ከእኔም ልብ የተፋቀው።»

በሀገራችን ሥርዓት ሕፃን ሲጠመቅ የሚሰጠው ስም ገበያ አይወጣም፤ ለቅዳሴ፣ ለቁርባንና ለፍትሐት የሚቀመጥ ስም ነው። ዓለም አዱኛ ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ግን በሌላው ነው። ሲጠመቅ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናታችን ለወሊድ ወደ ወላጆቿ ሀገር ወደ ደረስጌ ሄዳ ስለ ነበር፣ የተጠመቀው እዚያው ነው። የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የዕለቱን ደመና፣ ያቀፈውን የክርስትና አባቱን የመሪጌታ አየነውን ረጅም ቁመት ሁሉ አስታውሳለሁ። ስሙን ግን አላስታውሰውም። በማስታወስ የምኮራ ሰው ስለሆንሁ ይህ እስከ ማታ አቃጠለኝ።

«ደረስጌ እሄዳለሁ» አልሁት።

«መሪጌታ ሞተዋል።»

«ሰው ሲሞት ቤቱ አብሮት አይሞትም።»

ዓርብ

አዱኛን ለጎረቤት አደራ ብለን ከእናትነሽ ጋር ደባርቅ ገባን። ገና ከመኪናው ስወርድ አንድ አስጎብኚ ቀረበኝና «ፋዘር፣ ትሬኪንግ ነው? የተራራ ጉዞ?» አለኝ። «የለም፣ ስም ፍለጋ ነው» ስለው ደንግጦ መንገድ ለቀቀልኝ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ አልጋዬ ውስጥ አስገባችልኝ። ዋጋውን ብጠይቃት «ለሽማግሌ እግር ዋጋ እንዴት ይጠየቃል?» ብላ ገሠጸችኝ። ብዙ ሆቴል አድሬአለሁ፤ ስለ እግሬ ያሰበልኝ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ ደረስጌ ወዳለበት ወደ ጃናሞራ የሚሄደው ሳይነጋ ነው። ሳንቃበርን አልፈን ስንወጣ ፀሐይ ወጣች። ከዚህ በኋላ ያየሁትን በሚገባ ልጽፈው አልችልም፤ ብሞክርም ያሳፍረኛል። ምድር በድንገት ታልቃለች። ከእግር በታች ሰማይ ነው፤ ከሰማዩ በታች ደግሞ ሌላ ሀገር፣ አምባው በአምባ ላይ ቆሞ ይታያል። በገደሉ ጠርዝ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጀርባቸውን ለጥልቁ ሰጥተው፣ ሣር እየነቀሉ እንደ ገበያ ሴቶች ያወራሉ። ለካ የአዲስ አበባን ፎቆች ትልቅ ስል ኖሬአለሁ! ባርኔጣዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት፤ ለምን እንዳወለቅሁት እናትነሽ አልጠየቀችኝም።

ከቧሂት ተራራ በታች ጎማ ፈነዳ። አየሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ሃያ እርምጃ ተራምጄ እንደ ሯጭ አለከለክሁ። አንዲት ገብስ አጫጅ ሴት ከማሳዋ መጥታ፣ በሶ በትልቅ ጣሳ በጥብጣ ለተሳፋሪው ሁሉ አዞረች። «አያት፣ ይህ ተራራ ልብ ይጫናል፤ ጠጡበት» አለችኝ። ጎማው እስኪቀየር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፤ እሷም ማሳዋን ትታ አብራን ተቀመጠች። ከደረስጌ አጠገብ መካነ ብርሃን ስንደርስ ምሽት ሆኖ ነበር።

እሑድ

ደረስጌ ማርያምን ታሪክ ወዳዶች ስለ ሥዕሎቿ ጽፈውላታል፤ እኔ ያን ቀን ሥዕል የምመለከትበት ልብ አልነበረኝም። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ የመሪጌታ አየነውን ዘመድ ስጠይቅ አንዲት ጠና ያሉ መነኩሲት አሳዩኝ። ከአንድ ጽድ ሥር ተቀምጠው፣ ለሚጠመቁ ሕፃናት የማተብ ክር ያከርራሉ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ይባላሉ፤ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ሰማንያ ስምንት።

ማንነቴን ስነግራቸው አሻቅበው አዩኝ። «አንተ በክርስትናው ቀን ዶሮ ሲታረድ እሪ ያልኸው ልጅ አይደለህም?»

በሰባ ስምንት ዓመቴ ልጅ ተባልሁ። «እኔ ነኝ፣ እማሆይ። የአዱኛ ስመ ክርስትና ጠፍቶበት ነው የመጣሁት።»

«ጠፋ ያለህ ማን ነው?» አሉና ክራቸውን ቀጠሉ። «ማታም ጠርቼዋለሁ፤ ዛሬም በቅዳሴው አስጠርቼዋለሁ።»

እናትነሽ እጄን ያዘችኝ።

«ማተቡን ቆረጠ የተባለ ጊዜ አባቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም» አሉ። «‹በእርሱ ፈንታ ሰይጣንን ክጃለሁ ያልሁት እኔ ነኝ፤ የካደ እሱ ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ› ይል ነበር። እስኪሞት ስሙን በየዕለቱ በጸሎት ጠራው። ሲሞት ለእኔ ሰጠኝ። ‹እስኪመጣ ጥሪው፤ ሲመጣ በጆሮው ስጪው› አለኝ። እኔም ይኸው እየጠራሁት ነው።»

በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ዋስ ተምሬአለሁ፤ ሰውየው ባይቀርብ ዋሱ እንደሚያዝ ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። ዋሱ ሞቶ ልጁን በቦታው የተካበትን፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ወዲህ ፊቱን ላላየችው ሰው እስከ ዛሬ የቆመችበትን ዋስትና ግን በየትኛውም አንቀጽ አላነበብሁም። ወንድሜ በጎንደር አዳራሾች ሰባት ጊዜ እጁን ሲያነሣ፣ በፍርሃት ሲያድር፣ ከተራራው ማዶ ስሙ ይጠራ ነበር። አንድም ቀን አላወቀም።

«እማሆይ፣ መንገዱ ይከብድዎታል። ለእኔ ይንገሩኝና ላድርስለት።»

«አንተ ምን ቤት ነህ? አደራው ለእሱ ጆሮ ነው።»

«መኪና ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እሱስ ከዚያ ቀን በፊት ክዶ ያውቅ ነበር? ሁሉም መጀመሪያ አለው።» ብለው ተነሡ።

ሰኞ

እማሆይ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ከዚያ ገልጠው እስከ ደባርቅ ድረስ አልጨፈኑም። ቧሂት ላይ ደመናው ከመንገዱ በታች ተነጥፎ ባዩ ጊዜ «በእግሬ ስመጣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የማልፈው» ብለው ሣቁ። ጣታቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ ሦስቱን ክር አንድ እያደረጉ ያከርራሉ።

ስሙን እንዲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። «ምነው፣ የሰው ስም ልትሰርቅ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። እናትነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። እንግዲያስ ብዬ የሐሙሱን ጥያቄያችንን አነሣሁባቸው።

«እማሆይ፣ የተጠመቀ ሰው ቢክድ ድኅነቱን አጣ ወይስ አላጣም?»

«የቆረጠው ምንድን ነው?»

«ማተቡን።»

«ማተብ ክር ነው፤ ይኸው ሌላ እየሠራሁለት ነው። የተጠመቀው በውኃ ነው። ውኃ በምላጭ ሲቆረጥ አይተሃል?»

«እንግዲያ አልጠፋም ይላሉ?»

«እንዲያ አላልሁም! ጥድፊያህ የልጅነትህ ነው።» ክሩን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው አጠበቁት። «ከቤቱ የኮበለለ ልጅ፣ ልጅነቱ አይሻርም። ደጅ እንዳለ ከሞተ ግን በብርድ ይሞታል። ልጅ ነውና ብሎ ብርዱ አይምረውም። እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ለምን የምሮጥ ይመስልሃል?»

የሃያ ሁለቱ ገጾች ክርክር በእኒህ ሁለት ቃላት መካከል ተቀምጦ አየሁት፤ ግማሹ ወገን ልጅነቱን፣ ግማሹ ብርዱን ይዞ ይሟገታል። እኔ ዛሬም እግዚአብሔር የያዘውን አይለቅም ብዬ አምናለሁ። በምን እንደሚይዝ ግን አልጠየቅሁም ነበር። በአንዲት አሮጊት ምላስ መያዙን ማን አሰበ?

ዳባት ስንገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አዱኛ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የእማሆይን ቆብ ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ በእጃቸው መለሱት። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ጎንበስ ብለው በጆሮው ተናገሩ።

ወንድሜ አላለቀሰም። መምህር ነውና ጥያቄ ጠየቀ። «እርግጠኛ ነዎት፣ እማሆይ?»

«ዛሬ ጠዋት ጠርቼዋለሁ። እንዴት እሳሳታለሁ?»

«ያኔስ? መድረክ ላይ በወጣሁባት ቀንስ?»

«ያኔማ የሚጠራህ አባቴ ነበር። አንድ ቀን አልተዘለለህም።»

እጁን ወደ ባዶ አንገቱ ሰደደ፤ እዚያው አቆየው። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሕፃን አዲስ ቃል እንደሚለማመድ። ቆይቶ ወደ ልጁ ዞረና «እናቱ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት አዘጋጂው» አላት።

ማክሰኞ

ማለዳ ቄስ ሞገስ የቄደሩን ጸሎት አደረሱለት። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ቆሜ ነበር። «ስመ ክርስትናህ?» ሲሉት አዱኛ ከዚያ ከከሳ ሰውነቱ እንዴት እንደወጣ በማላውቀው ድምፅ መለሰ፤ የመድረክ ድምፁ ነበር። እኔም ስለዚህ ስሙን አወቅሁት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ የእኔ አይደለም። ሲወጣ አንገቱ ላይ የእማሆይ ክር ነበር።

ሻንጣዬም ያን ጠዋት ከዛሪማ ተመለሰች። ባለሚስማሯ ነጋዴ «አባት፣ ጫማዬን ስለጠበቁልኝ» ብላ በልብሴ ላይ አንድ ከረጢት ሰሊጥ ጨምራልኛለች። ገጾቼ አልጎደሉም። በመጨረሻው ገጽ «የእኔ» ብዬ ያሰመርሁት ዓምድ ባዶ እንደነበረ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ተደረገ። ወንድሜ ይህን በምጽፍበት ሰዓት በሕይወት አለ፤ አጥሚቱ ጨው ጎደለው እያለ እናትነሽን እንደሚጨቀጭቃት በስልክ ሰምቻለሁ። ልጨርስ የምፈልገው ግን ዳባት ላይ፣ ወደ ጎንደር የምትወስደን መኪና በር ላይ ነው። አዱኛ ገብቶ ተቀምጧል። እማሆይ ሊሸኙን በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«እንግዲህ አደራዎን አስረከቡ፣ እማሆይ። አሁን ያርፋሉ» አልኋቸው።

«ማን ነው የሚያርፈው? እሱስ ቢሆን ገና መንገድ ላይ ነው፤ እጠራዋለሁ።» በትራቸውን ወደ እኔ አቀኑ። «ያንተስ ስመ ክርስትና ማን ነው?»

በጉባኤያችን እንዲህ ያለ ነገር እንደማናደርግ በሚገባ ላስረዳቸው እችል ነበር፤ ምክንያቱ ከነማስረጃው ሻንጣዬ ውስጥ አለ። በዚያ ስም ከሃምሳ ዓመት በላይ የጠራኝ ሰው የለም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ዝቅ ብዬም በጆሮአቸው ነገርኋቸው።